የሠላሳ ፍሬ መድኃኒት ክብደት

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቱ ዳቦ ልትገዛ ወጣ እንዳለች፣ ቅንጣት በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ትንሿን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሥራ ቦርሳው አውጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አቆማት። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ገልብጦ ፍሬዎቹን ቆጠረ። ሠላሳ። እንደገና ቆጠረ። አሁንም ሠላሳ። ቁጥሩ ልክ መሆኑ ይብሱን አናደደው። የእሷን ያህል ብልጥ ሴት ከቁጥሩ ላይ እንደማትነካ ማወቅ ነበረበት።

ቅንጣት እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ እሷ ያወጣችለት መታወቂያው ላይ ቀርቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚዛን ተቆጣጣሪ ሆኖ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ቅንጣት የምታህል ጉድለት እንኳ ስለማያልፍ ይህን ያወጡለት ነጋዴዎቹ ናቸው። እሱም ስድብ መሆኑን እያወቀ እንደ ሹመት ተቀበለው። ሰው የራሱን መድኃኒት ለምን ይመዝናል ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ሰው የጋብቻ ቀለበቱን እንኳ መዝኖ ነው ጣቱ ላይ ያጠለቀው።

ፍሬዎቹን በግራው ሳህን አደረገ፤ በቀኙ የአሥር ግራሙንና የሁለት ግራሙን የናስ ክብደት። ከአምስት ወር በፊት ሐኪሙ ይህን መድኃኒት ያዘዘለት ሰሞን እንዲሁ መዝኖ ልክ አሥራ ሁለት ግራም አግኝቶ በካርቶኑ ክዳን ላይ ጽፎት ነበር። ዛሬ ግን የፍሬዎቹ ሳህን ሽቅብ ወጣ። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። አልወረደም። ጉድለቱን በትንንሾቹ ክብደቶች ሲያሰላው የአንድ ፍሬ ተኩል ያህል ዱቄት ሆነ። ቁጥሩ ሞልቶ ክብደቱ ከጎደለ እንግዲህ አንድ ሰው የፍሬዎቹን ቀፎ እየከፈተ ከየአንዳንዱ ይቆነጥራል ማለት ነው። በዚህ ቤት የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው እሱ ነው።

«ይኸው!» አለ ለብቻው። «ይኸው እንግዲህ!»

የሚገርመው ደስ ማለቱ ነው። ሦስት ቀን ሲያብሰለስለው የሰነበተው ነገር እውነት ሆኖ ሲያገኘው ሰላም የሚመስል ነገር ተሰማው።

የመድኃኒቱ ጥርጣሬ የጀመረው ሰኞ ነው። አዲሱን ብልቃጥ ከፋርማሲ ያመጣችው እሷ ናት፤ ሲከፍተው የፍሬዎቹ ቀለም ፈዘዝ ያለ መሰለው። ከዚያች ማታ ጀምሮ አንድም አልዋጠም። «ዋጥክ?» ስትለው «ዋጥኩ» ይላታል። ሦስት ሌሊት ያለ መድኃኒት፤ ድሮም ስስ የነበረው እንቅልፉ ሦስቱንም ሌሊት በዓይኑ አልዞረም። እግሮቹ ፍም የረገጡ ያህል ይነዳሉ፤ አንሶላው ሲነካው እንደ ሳማ ይለበልበዋል፤ ጠዋት ዓይኖቹ ደም ለብሰው፣ ሆዱ ሻክሮ፣ የመጀመሪያውን ሰው ሊጣላ ተዘጋጅቶ ይነሣል። የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ባለቤቱ ናት።

ሕመሙ የመጣው ከስኳሩ ነው። ነርቮችህ ተጎድተዋል ብሎታል ሐኪሙ። መጀመሪያ እግሮቹን፣ ኋላ ጣቶቹን ያዘው። መጥፎነቱ ለሰው አለመታየቱ ነው፤ ቁስል የለው፣ እብጠት የለው። ባልደረቦቹ «ደህና ትመስላለህ» ይሉታል፤ እሱ ግን እያሾፉብኝ ነው ብሎ ቂም ይይዝባቸዋል።

ክሊኒክ ያለችው ሲስተር ነገሩን ልታስረዳው ሞክራ ነበር። «ጋሼ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሣዎታል። እንቅልፍ ሲያጡ ደግሞ ያው ሕመም በማግሥቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማዎት። ሁለቱ ሲረዳዱ ጠባይ ይለወጣል፤ ሰው ይከፋዋል፣ ይቆጣል፣ የሌለ ነገር ይታየዋል። የከፋው ሰው ደግሞ ተመልሶ እንቅልፍ አይወስደውም። ለዚህ ነው መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ያለብዎት» አለችው። ቅንጣት ከዚህ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው «የሌለ ነገር ይታየዋል» የምትለዋን ብቻ ነው። ማን ነግሯት ነው? አለ በልቡ። ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ የነገረቻት ሚስቱ እንደሆነች እርግጠኛ ሆነ።

ሚስቱ የምትበቀልበት ምክንያትም አላት። ከሦስት ሳምንት በፊት የታላቅ እህቷን ሱቅ አሽጎባታል።

ሱቋ ከመንገዱ ማዶ ጥግ ላይ ያለች፣ ሩዝና ምስር፣ ስኳርና ጨው የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት። እትዬ ታናሽ እህቷን ያሳደገችው በዚያች ክፍል ነው። የዚያን ዕለት ቅንጣት የእትዬን የብረት ኪሎ በአንዱ ሳህን፣ የራሱን የናስ ኪሎ በሌላው ቢያስቀምጥ የእሷ ሽቅብ ተነሣ። አራት ግራም ጎደለ።

«ባለፈው ዓመት ይህንኑ ኪሎ አንተው አይደለህ እንዴ ደህና ነው ያልከው?» አለችው።

«ያኔ ደህና ነበር።»

«ታዲያ አሁን ምን አገኘው?»

«ብረት በራሱ አይከሳም እትዬ። የሚያከሳው ሰው አለ።»

እትዬ ሽርጧን ፈትታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። በአራት ወር ውስጥ ያሸገው አሥራ አንደኛው ሱቅ ነበር። ድሮ በዓመት ሦስት ቢያሽግ ነው። አለቃው ሳይቀር «ምነው፣ ከተማው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሌባ ሆነ እንዴ?» ቢለው፣ ቅንጣት የአለቃውንም ስም በልቡ ከተጠርጣሪዎቹ ተርታ ጨመረው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ባለቤቱ ዝም አለች። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ መድኃኒቱን ታመጣለች፤ ዓይኑን ግን አታየውም። አልጋዋንም ወደ ጎን ክፍል ወሰደች። «ስገላበጥ እግርህን እንዳልነካብህ ብዬ ነው» አለች። ይህንንም አላመናትም፤ ሌሊት ሕመሙ ሲቀሰቅሰው በግድግዳው በኩል ያደምጣት ጀመር። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ታደክማለች፣ ሕመሙ ይብሳል፣ እሱ በሕመም ከሥራ ይሰናበታል፣ ሌላ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ የእህቷ ሱቅ ይከፈታል። ሁሉም ነገር ገጠመለት። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ምን የማይገጥምለት ነገር አለ!

የበሩ እጀታ ተንቀጫቀጨ።

«ምን ቀረቀርከው? እኔ ነኝ!»

ከፈተላት። ዳቦውን አቅፋ ገባችና ሚዛኑን፣ ሳህኑ ላይ የተከመሩትን ፍሬዎች አየች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አንቺው ንገሪኝ። ዱቄቱን የት ነው የምታደርጊው?»

«የምን ዱቄት? ዳቦ እኮ ነው የገዛሁት።»

«የመድኃኒቱን! ከየፍሬው የምትቆነጥሪውን! ሞኝ አድርገሽኛል አይደል? መዝኜዋለሁ። ጎድሏል!»

ቁጣ ጠብቆ ነበር። ካልሆነም ልቅሶ። ሁለቱም አልመጡም። ባለቤቱ ዳቦውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችና፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየችው።

«ጫማህን አድርግ» አለች። «ፋርማሲ እንሂድ፣ እዚያ ይመዘን። ከጎደለ የፈለግከው ቦታ ውሰደኝ፣ ክሰሰኝ። ካልጎደለ ግን እኔ ከእንግዲህ እየተመዘንኩ አልኖርም። ልብሴን ሰብስቤ እሄዳለሁ። የት እንደምሄድ እንኳ አላውቅም፣ ግን እሄዳለሁ።»

«የት ትሄጃለሽ? እህትሽ ጋ ነዋ!» ሊላት ፈልጎ ተወው። የሚረታ መስሎት ስለነበር ቃል ማባከን አላስፈለገውም። ዛቻዋ ግን እንግዳ ሆነበት። ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ስታኮርፍ እንጂ ስትዝት ሰምቷት አያውቅም።

ፋርማሲው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ቅንጣት በእያንዳንዱ እርምጃ ጥርሱን ይነክሳል፤ ጫማው ውስጥ ጠጠር የፈሰሰበት ያህል ነው። ባለቤቱ እርምጃዋን ቀስ አድርጋ ከጎኑ ትሄዳለች። ምን ብላ እንደምታመልጥ እያሰበች ነው አለ በልቡ። ለእሱ እግር ብላ ቀስ ማለቷ ፈጽሞ አልመጣለትም።

ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፤ ሁለቱንም በደንብ ታውቃቸዋለች። የሚፈልገውን ሲነግራት ግር እያላት ፍሬዎቹን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችና በማንኪያዋ ጠርዝ እየገፋች ቆጠረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰኞ የወሰዱት ነው አይደል? በየማታው አንድ አንድ ከዋጡ እንዴት ሠላሳ ይሆናል?»

ባለቤቱ ወደ እሱ ዞረች። «ዋጥኩ ስትለኝ አልነበር?»

«መጀመሪያ ይመዘን» አለ ቅንጣት፣ ጆሮው እየጋለ።

ፋርማሲስቷ ቅባት የምትቀምምበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሚዛን አላት። ፍሬዎቹን በወረቀት ሰብስባ ላዩ ላይ አደረገችና የወረቀቱን ክብደት ቀነሰች።

«አሥራ ሁለት ግራም። ልክ ነው።»

«ድገሚው እስቲ።»

ደገመችው። አሥራ ሁለት ግራም።

«ሚዛንሽ ተበላሽቷል ልጄ» አለ ቅንጣት። ድምፁ ግን እንዳሰበው አልወጣለትም።

ፋርማሲስቷ የሚዛኑን ጎን አዞረችለት። ተለጣፊው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ሥር ፊርማ። ፊርማው የእሱ ነው። «እርስዎ ነዎት እኮ ከስድስት ወር በፊት ያረጋገጡልን። ከፈለጉ የራስዎን ክብደት እንሞክረው» አለችው በትሕትና።

ከቦርሳው የክብደቶቹን ሳጥን አወጣና ከፈተላት። የአሥር ግራሙን አንሥታ ሚዛኑ ላይ አቆመች። ቁጥሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ረጋ። አሥር ነጥብ ስድስት።

ፋርማሲስቷ ክብደቱን አንሥታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ጋሼ፣ መያዣው ላይ የተጠቀለለው ምንድን ነው?»

«ፕላስተር» አለ ቅንጣት።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ነው ራሱም የሰማው። ከአራት ወር በፊት በአንድ ብርዳማ ጠዋት ነበር። ነርቮቹ ብርዱንና ሙቀቱን አምታተውበት፣ ቀዝቃዛው ናስ ጣቶቹን ሲነካ እንደ ጋለ ብረት ፈጀው። ጓንት ቢያደርግ ጓንቱ ራሱ ይለበልበዋል። ስለዚህ ትኩስ ድስት በጨርቅ እንደሚያዝ ሁሉ፣ ከአሥር ግራሙ እስከ ኪሎው ድረስ የክብደቶቹን መያዣ አንድ በአንድ በፕላስተር ጠቀለላቸው። ከሳህን ሥር ሰም የለጠፈ ነጋዴን ከበር ላይ የሚለይ ሰው፣ አቧራ ሳይጠርግ የማይመዝን ሰው፣ ፕላስተር ክብደት እንዳለው አልታሰበውም። ለአራተኛ ጊዜ ዓይኑን ሳይከድን ያነጋበት ጠዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በጁ እየያዘው አላየውም።

አሥር ግራሙ ላይ ግማሽ ግራም ከምናምን። ኪሎው ላይ ደግሞ አራት ግራም። የማንም ብረት አልከሳም፤ የወፈረው የእሱ ናስ ነው። አሥራ አንድ ሱቅ። አሥራ አንድ ቤተሰብ በራሱ በር ላይ ሌባ ተብሏል።

ክው አለ። ሠላሳ ዓመት የገነባው ስም በአንዲት ጥቅልል ፕላስተር መሄዱ አሳፈረው፤ ከሱም በላይ ግን ባለቤቱን ማየት ፈራ። አሁን ትስቃለች፣ ወይም ትራገማለች፣ ወይም ምንም ሳትል በሩን ከፍታ ትወጣለች። የቀረለት ሰው እሷ ብቻ እንደሆነች ያወቀው ሊያጣት ሲል ነው።

ቀና ሲል ባለቤቱ ደንበኞች የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስለዚህ የእትዬ ኪሎ ልክ ነበር» አለች።

«ልክ ነበር።»

«አንድ ግራም እንኳ አልጎደለም?»

«አንድም።»

ባለቤቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቅንጣት አጠገቧ ተቀመጠ፤ እንዴት እንደሚጀምር ግን አላወቀም። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ያልሽኝ በእህትሽ ቂም ይዘሽብኝ ነው ብዬ…»

«ባንተ?» አለች። «እኔ ባንተ ምን ቂም አለኝ? አፍሬ ነው እንጂ። እናት ሆና ያሳደገችኝ እህቴ ሌባ ሆና፣ አንተን በየት ዓይኔ ልይህ?»

«ሌባ ናት ብለሽ አመንሽ?»

«አንተ አልክ አይደል! ወይ እሷ ዋሽታለች ወይ አንተ ተሳስተሃል። አንተ ደግሞ ተሳስተህ አታውቅም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀን አላየሁም። አንተን አመንኩ። ሱቁ በታሸገ ማግሥት በሯ ድረስ ሄጄ፣ ‹ያሳደግሽኝ ከድሃ ኪሎ ላይ እየቆረስሽ ነው› አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው ያልኳት። አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተያይተን አናውቅም።»

ቅንጣት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዓለም ሁሉ እያታለለኝ ነው ብሎ ሲቆጥር፣ እሱን በማመን ብቻ እህቷን ያጣች ሴት ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነበረች። ሊክሳት የሚችልበት ነገር ፈልጎ አጣ።

«ቢሮ ሄጄ እጽፋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ዛሬውኑ። ማኅተሙ ሁሉ ይነሣል። እኔንም ያሰናብቱኝ።»

«የበሩን ማኅተም አንተ ታነሣዋለህ። እኔ ያልኳትን ማን ያነሣዋል?» ብላ ተነሣች። «መጀመሪያ እትዬ ጋ ነው የምንሄደው።»

ፋርማሲስቷ ሠላሳውን ፍሬ መልሳ ብልቃጡ ውስጥ ጨመረችና ለባለቤቱ ልትሰጣት ስትል፣ ቅንጣት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት። «ማታ አንድ እውጣለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

የእትዬ ቤት ከታሸገው ሱቅ ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ሁለቱን አየቻቸው፤ ግቡም ውጡም አላለችም። ባለቤቱ ከቅንጣት ኋላ ሁለት እርምጃ ርቃ መሬት መሬት ታያለች። ቅንጣት ደጃፉ ላይ እንደቆመ ተናገረ፤ ምንም አልሸሸገም። ስለ ፕላስተሩ፣ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ አሥራ አንዱ ሱቅ ነገራት። «ኪሎዎ ልክ ነው እትዬ። ተሳስቼ ሌባ ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

እትዬ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲጨርስ በትከሻው ላይ አሻግራ እህቷን ተመለከተች።

«አንተስ ይሁን» አለች። «ታመሃል፣ እንቅልፍ ካጣህ ከርመሃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ላንተ ምክንያት አለህ። እሷ ግን ጤነኛ ናት። እንቅልፏን ጠግባ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ መጥታ ነው ሌባ ያለችኝ።»

ባለቤቱ አንገቷን ደፋች። ቅንጣት በሠላሳ ዓመት ሥራው በሰው ላይ እንጂ ለሰው መስክሮ አያውቅም።

«አልተኛችም» አለ።

«በምን አወቅክ?»

ከደረት ኪሱ ትንሽ የማስታወሻ ደብተር አወጣ። «በግድግዳው በኩል አደምጣት ነበር። እርስዎን ተናግራ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አንድ ሌሊት እንኳ አልተኛችም። ትነሣለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ትቀመጣለች። ሰዓቱን ሁሉ ጽፌዋለሁ። የጻፍኩት ልከሳት ብዬ ነበር።»

ባለቤቱ ቀና ብላ አየችው። እትዬ ደብተሩን ከእጁ ወሰደችና ራቅ አድርጋ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ እያደረገች አነበበች። አንድ ገጽ። ሁለተኛውን ገለጠች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ደብተሩን ከደነችው።

«ነይ ግቢ» አለቻት እህቷን።

ባለቤቱ አጠገቡ አልፋ ገባች። ቅንጣትም ሊከተላት እግሩን ሲያነሣ፣ እትዬ በሩን ግማሽ መለሰችበት።

«አንተ ደግሞ ሂድና ሱቄን ክፈት።»